እርማት፦ አለማመን ያላመኑ ሰዎች አደጋ ብቻ አይደለም

ወንድሜ፣ «አለማመን ክርስቶስን ያልተቀበሉ ሰዎች ጉዳይ ነው፤ ያመነ ሰው ከዚህ አደጋ ወጥቷል» ብለህ ጽፈሃል። ብዙዎች የሚሉት ነው፤ ግን ስሕተት ነው። ዕብራውያን 3፥12 የማያምን ልብ እንዳይገኝባቸው የሚያስጠነቅቀው «ወንድሞች» ብሎ የሚጠራቸውን ነው።

ምሳሌ አድርጎ የሚያነሣውም ከግብፅ የወጣውን፣ ባሕሩን በደረቅ የተሻገረውን የእስራኤልን ሕዝብ ነው። እስቲ ዘኍልቍ 13ንና 14ን ረጋ ብለህ አንብብ። 12ቱ ሰላዮች እግዚአብሔር ተስፋ የሰጣቸውን የከነዓንን ምድር 40 ቀን ዞረው ሲመለሱ አንድ የወይን ዘለላ ለሁለት በመሎጊያ ተሸክመው ነበር። ተስፋው በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚዳሰስ ሆኖ መጣ። ዐሥሩ ግን ፍሬውን አሳይተው ሲያበቁ በምድሪቱ ግዙፋን ሰዎች ፊት ራሳቸውን እንደ አንበጣ ቆጠሩ፤ ሕዝቡም ሌሊቱን ሲያለቅስ ዐደረ።

እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። እነዚያ ሰዎች በምድረ በዳ ሲንከራተቱ ከሰማይ የሚወርድላቸው መና አልተቋረጠም። በየማለዳው እየለቀሙ፣ እየበሉ፣ ወደ ዕረፍቱ፣ ወደዚያች የተስፋ ምድር፣ ሳይገቡ አለቁ። ጸሎቱም ዝማሬውም ሳይቆም ልብ ሊደነድን ይችላል ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ጥያቄ ያለበትን ሁሉ የማያምን አትበለው። በማርቆስ 9፥24 የታመመው ልጅ አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ሲጮኽ ጌታ አላባረረውም፤ ልጁን ፈወሰለት። ያ አባት ጥርጣሬውን ይዞ ወደ ኢየሱስ መጣ፤ እነዚያ እስራኤላውያን ግን ፍርሃታቸውን ይዘው ወደ ግብፅ የሚመልሳቸውን አለቃ ፈለጉ።