ልምድ ለመቅሰም

ለሥራ ስትቀርብ ከምትጠየቀው ሁሉ እኔ የምወደው አንዱን ጥያቄ ነው። «የቀድሞ ሥራህን ለምን ለቀቅህ?» የሚለውን። እንዴት ያለ ጨዋ ጥያቄ ነው! ጠያቂው መልሱን ያውቀዋል፣ ተጠያቂው ማወቁን ያውቅበታል፣ ከዚያ ሁለቱም ምንም እንዳልሰማ ሰው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እንዲህ ያለ መከባበር በትዳር ውስጥ እንኳ ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው።

በተለይ ጎንደር ላይ። አዲስ አበባ ቢሆን እሺ፣ ሰው ሰውን አያውቀውም ይባላል። እዚህ ግን የቀድሞው አለቃዬና የአዲሱ ቀጣሪዬ ሰው አንድ ዕቁብ ነው የሚጥሉት። በለቀቅሁ በሦስተኛው ቀን ፒያሳ ላይ ጫማዬን የሚጠርገው ልጅ፣ ብሩሹን እንኳ ሳያቆም፣ «በደመወዝ ነው አሉ የተጣላችሁ?» ብሎኛል። ሊስትሮው የሰማውን ቀጣሪው ኮሚቴ ሳይሰማ ይቀራል? አይቀርም። ግን ይጠይቃል። ምክንያቱ መች ጠፋውና፣ የሚፈልገው የምትዋሽበትን ለዛ ነው።

የለቀቅሁት ሆቴል ነው። ስሙ ይቆየን። የማታ ሪሴፕሽን ነበርኩ፣ ከማታ 12 ሰዓት እስከ ጠዋት 12 ሰዓት። በመጀመሪያው ቀን ባለቤቱ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «እኛ እዚህ ቤት ሠራተኛና አሠሪ አንባባልም፣ ቤተሰብ ነን» አሉኝ። ደስ አለኝ። ቤተሰብ ደመወዝ እንደማይከፈለው ያኔ አልታየኝም።

እንግዳ ፎጣ ይዞ ከሄደ ከእኔ ይቆረጣል። አንድ ወር የአራት ፎጣ ተቆረጠብኝ፤ እናቴ «ከከፈልክበትማ አንዱን እንኳ ይዘህ ና እንጂ» አለች። ጥምቀት ሲደርስማ ቤተሰብነታችን ይጠብቃል። ከከተራ እስከ ቃና ዘገሊላ፣ ከጥር 10 እስከ 12 ማለት ነው፣ አልጋው ሁሉ በእጥፍ በእጥፍ ይሸጣል፣ እኛ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ካልታጠበ አንሶላ ላይ በተራ እናሸልባለን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011 የሚሉት፣ በሕዝብ በዓል ትርፍ ሰዓት ለሠራ ሰው የሰዓት ክፍያው በሁለት ተኩል ይባዛል ይላል። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም ይላል። አዋጅ ምን የማይለው አለ። እኛ ቤት ሁለት ተኩሉ የሆቴሉ ስም የታተመበት አንድ ቲሸርት ሆኖ መጣ። እሱም የትልቅ ሰው ልክ ነው፣ እኔን ጉልበቴ ድረስ ደረሰኝ። ጥር 12 ሚካኤል ሲገባ፣ ከተማው በሆታ ሲናጥ፣ ያንን እንደ ቀሚስ ለብሼ ለአንድ እንግዳ ሙቅ ውሃ ለምን እንደጠፋ አስረዳ ነበር።

ታዲያ ይህ ለአዲስ ቀጣሪ ይወራል? ነውር ነው።

መልቀቂያ ለማጻፍ ፒያሳ ካሉት የጽሕፈት አገልግሎት ቤቶች ወደ አንዱ ገባሁ። ልጅቷ ቀና ሳትል «ለግል ጉዳይ ነው ለትምህርት?» አለችኝ። ማኪያቶ ነጣ ይበል ጠቆር እንደሚባለው። «ሌላ የለም?» አልኳት። «ለተሻለ ዕድገት አለ። እሱን ግን አሠሪዎች አይወዱትም፣ የተናቁ ይመስላቸዋል።» ባለሙያ ማለት እንዲህ ነው! በዚህች ከተማ ስንቱ ሰው ከሥራው በሰላም የተለያየው በእሷ ጣት ይሆን? ለግል ጉዳይ ይሁን አልኳት። ከማሽኑ ላይ የተቀመጠውን ከፈተች፣ ስምና ቀን ቀየረች፣ አለቀ።

ወረቀቱ ሲወጣ አነበብኩት። «በድርጅቱ በቆየሁበት ጊዜ ለተደረገብኝ መልካም ነገር ሁሉ ከልብ አመሰግናለሁ» ይላል። ደግሜ አነበብኩት።

«እህቴ፣ ለተደረገልኝ ለማለት ነው?»

ወረቀቱን ተቀብላ አየችው። «ኧረ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው የሚወስደው፣ እስከ ዛሬ ያስመለሰኝ የለም» አለች።

እኔም አላስመለስኳትም።

አለቃዬ ደብዳቤውን አንብበው ተደሰቱ። ከዚያ አዋጁ 30 ቀን አስቀድሞ ማሳወቅ ግዴታ ነው እንደሚል አስታወሱኝ። ከአዋጁ ሁሉ ይህችን አንቀጽ በቃላቸው ይወጧታል። ሠላሳውን ቀን ሠራሁ፣ ክሊራንስ ለማስፈረም ደግሞ ሁለት ሳምንት ተመላለስኩ፣ ፎጣ ክፍሉ አልፈርምም ብሎ። የሥራ ልምድ ወረቀት በሕጉ የሚይዘው ሦስት ነገር ነው፤ ምን እንደሠራህ፣ ስንት ጊዜ እንደሠራህ፣ ደመወዝህ ስንት እንደነበር። ለምን እንደለቀቅህ አይጻፍበትም። ሕግ አውጪው የቀጣሪዎቻችንን ደስታ ላለመንጠቅ ብሎ የተወው ይመስለኛል።

ቅኔውን ጎጃም ይውሰደው፣ ጎንደር የሚታወቀው በአቋቋም ነው ይባላል። እውነት ነው፣ ኮሚቴ ፊት እንዴት እንደሚቆም ካላወቅህ መልስህ ብቻውን አያወጣህም። እጅ ወደፊት ይጣመራል፣ አንገት ትንሽ ሰበር፣ ድምፅ ዝግ። ሦስት ሆነው ተቀምጠዋል። መሃል ያሉት፣ የዕቁቡ ጋሼ፣ ጠየቁ።

«ለምን ለቀቅህ ልጄ?»

«ሰፋ ያለ ልምድ ለመቅሰም ነው ጋሼ።»

ልምድ መቅሰም! ንብ ነኝ እንዴ? እሳቸው ግን ፊታቸው በራ። «ከቀድሞ አለቃህስ ምን ተማርክ?» አሉኝ። «ትዕግሥት» አልኩ። በዚያ ሁሉ ቃለ መጠይቅ ሳልዋሽ የመለስኩት ይህንን ብቻ ነው፣ ሦስቱም ጻፉት።

እውነቱን የሚናገር ባለጌም አይጠፋም። አንድ ጓደኛዬ እዚያው ዓይነት ወንበር ላይ ተቀምጦ «ሦስት ወር ደመወዝ ስላልከፈሉኝ ነው» አለ። ቤቱ ጸጥ አለ። አንዱ መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ። ሌላው ውሃ ይፈልግ እንደሆነ ጠየቀው፣ እንደታመመ ሰው። ከዚያ በኋላ በከተማው የሚወራለት «ጎበዝ ነበር፣ አፉ ነው እንጂ» እየተባለ ነው። ደመወዙን የበላው ሰውዬ አፍ ግን ደህና ነው፣ ማንም አላነሣበትም። ጓደኛዬ ዛሬ ከፒያሳ ማራኪ ባጃጅ ይነዳል። ተሳፋሪ ለምን ለቀቅህ አይለውም፣ መልስ ስጠኝ ነው የሚለው።

እኔማ ጨዋ ስለሆንኩ አለፍኩ። መጨረሻ ላይ «ጥያቄ ካለህ» ሲሉኝ፣ ድፍረት ይሁን ምን እንጃ፣ «ቦታው እንዴት ክፍት ሆነ?» አልኳቸው። ተያዩ። «የነበረው ልጅ ለግል ጉዳይ ለቀቀ» አሉ ጋሼ። «በጣም ነበር የምንወደው። እዚህ ቤት እኮ ቤተሰብ ነን።»

ራሴን ነቀነቅሁ። ምን ላድርግ፣ ተራዬ ነው።

አዲሱን ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት የክፍል ቁልፍ ፈልጌ የሪሴፕሽኑን የታችኛ መሳቢያ ስጎትት አልከፈት አለኝ፤ የታጠፈ ወረቀት ተቀርቅሮበታል። አወጣሁት። የነበረው ልጅ መልቀቂያ ኮፒ ነው። ቀኑ የኔ ከመጻፉ ሁለት ወር ይቀድማል፣ ፊደሉ ያው ነው፣ ኅዳጉ እንኳ ያው። «በድርጅቱ በቆየሁበት ጊዜ ለተደረገብኝ መልካም ነገር ሁሉ…»

አጥፌ ወደ ቦታው መለስኩትና ተነሥቼ ፎጣዎቹን መቁጠር ጀመርኩ።