እስቲ ቀስቅሱትና እንየው

ከደጀን እስከ ባሕር ዳር፣ ከሞጣ እስከ ዳንግላ ስንት አደባባይ አለን። አንዱም ላይ ግን ለአራስ ጠያቂ ሐውልት አልቆመም። ይህ ውለታ ቢስነት ነው። ጭልጥ ብሎ የተኛን የአምስት ቀን ሕፃን ቀስቅሶ፣ አስለቅሶ፣ ለእናቱ አስረክቦ፣ ገንፎውን በልቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው እኮ ተራ ሰው አይደለም።

እስቲ አንዷን እንመልከታቸው። እትዬ እከሊት እንበላቸው። ገና ከበር ላይ «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» ሲሉ ጎረቤት ይሰማል። አራሷ «ማርያም ታኑርዎት» ትላለች።

«የታል ልጁ?»

«ተኝቷል፣ እትዬ።»

ሌላ ሰው ይህን ሲሰማ ድምፁን ይቀንሳል። እትዬ ግን እጅጌያቸውን ይሰበስባሉ። «እስቲ ቀስቅሱትና እንየው! ዐይኑ የማንን ይመስላል?» ጋቢው ይገለጣል። ከጋቢው ሥር ነጠላ፣ ከነጠላው ሥር ሌላ ነጠላ ይወጣል። የደብረ ማርቆስ ብርድ ቀልድ አያውቅምና ልጁ እስኪገኝ ትንሽ ጊዜ ይወስዳል። በመጨረሻ ላብ ያቸፈቸፈው ቀይ ፊት ብቅ ይላል። ጀበናው እዚያው ክፍል ነው፤ የቡናው ጭስና የዕጣኑ ጭስ ተያይዘው ጣራ ደርሰዋል።

ልጁ ያን ጊዜ ምን እያደረገ ነው? ፈገግ ይላል። ብሌኑ ከተከደነው የዐይኑ ቆብ ሥር ወዲያ ወዲህ ይላል። ያቃስታል፣ እጁን ያወራጫል። አዲስ የተወለደ ልጅ ከእንቅልፉ ግማሽ ያህሉን የሚያሳልፈው እንዲህ እየተንቀሳቀሰ ነው። ትንፋሹ ራሱ ፈጠን ይላል፣ ዘግየት ይላል፣ ለጥቂት ሰከንድ ቆም ብሎ ይቀጥላል። ዝም ቢሉት መልሶ ለጥ ይላል። ማን ዝም ሊለው! «ይኸው ነቅቷል!» ይሉና ብድግ ያደርጉታል። ፈገግታውን ሲያዩ ደግሞ «ማርያም እያጫወተችው ነው» ይላሉ። ይህን እያሉ ነው እንግዲህ ከማርያም እጅ የሚነጥቁት።

ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ወራት በቀን ከ14 እስከ 17 ሰዓት ይተኛል። ሲሰሙት ለእናቱም የሚተርፍ ይመስላል። ግን አንድ ላይ አይመጣም፤ ሁለት ሰዓት አሁን፣ ሦስት ሰዓት በኋላ። ሆዱ ትንሽ ስለሆነች በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት አለበት። ቀንና ሌሊት የሚለይበት የሰውነቱ ሰዓትም ገና አልተሞላም። መስመር መያዝ የሚጀምረው ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ወር ባለው ጊዜ ነው።

እትዬ ይህን ዐመል ይሉታል። «ሌሊቱን ቀን አድርጎታል፣ ቀን አታስተኙት!» መድኃኒቱም በእጃቸው ነው። ብርድ እንዳይገባ ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ግጥም ተደርጎ ይዘጋል፤ ቤቱ ይጨልማል። ሲመሽ አምፖሉ ይበራል፣ ዘመድ ያድራል፣ ጨዋታው ይደምቃል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ቀንና ሌሊት ካልለየ ጥፋቱ የራሱ ነው።

«የእኔማ በሁለት ሳምንቱ እስኪነጋ ይተኛ ነበር» ትላለች ሌላዋ ከመደቡ ጥግ። እንዲህ ያለ ልጅ ያልወለደች ጠያቂ እስካሁን አልገጠመችኝም። ያ ልጅ ዛሬ ጎረምሳ ሆኗል፤ አሁንም እስከ ረፋድ አይነሳም ይባላል። ስለዚህ ነገሩ እውነት ሳይሆን አይቀርም።

ወደ ዕድገቱ እንለፍ። እትዬ ሚዛን አያሻቸውም። ልጁን አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ያደርጉና ፍርድ ይሰጣሉ። አገሩ የቅኔ አገር ነውና ፍርዱም በሰምና ወርቅ ነው። «ጤና ይስጠው፣ ልጅ እኮ ቀስ እያለ ነው የሚወጣለት።» ሰሙ ምርቃት ነው። ወርቁን አራሷ ሌሊት ብቻዋን ስትፈታው ታድራለች። ዋሸራ ተቀምጦ የተማረ ባለቅኔ እንኳ እንዲህ አይወጋም።

በአምስተኛው ቀን ልጁ እውነትም ቀሎ ሊሆን ይችላል። ጤነኛ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከ7 እስከ 10 በመቶ የሚሆን ክብደት ሊቀንስ ይችላል። ሦስት ኪሎ የተወለደው 2 ኪሎ ከ800 ቢመዝን ጉድ አይደለም። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ገደማ ይመልሰዋል። ከዚያ በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም እየጨመረ በአምስተኛው ወር አካባቢ እጥፍ ይሆናል።

እትዬ ይህን ሁሉ ቁጭ ብለው አይጠብቁም። «ወተትሽ ውሃ ነው» ይሉና ጥሬ ቅቤ በጣታቸው ያልሱታል። ስኳር ይበጠበጣል። እንገሩማ «ቆሻሻ ነው» ተብሎ ድሮ ታልቦ ተደፍቷል። ልጁን ከበሽታ የሚጠብቀው፣ በነጻ የመጣው ቢጫ ወተት መሬት ይጠጣውና ስንት ብር የወጣበት ቅቤ ከገበያ ይመጣል። ሁለት ሳምንት ሲሞላ ክብደቱ ይመለሳል። ድሮም ሊመለስ ነበር፤ ምስጋናው ግን ለቅቤው ነው። ልጁን ተቅማጥ ከያዘው ደግሞ የሰው ዐይን ነው። ሲያድንም ሲያሳምምም የማይረታ መድኃኒት ከዚህ ሌላ አላውቅም።

የተረፈው ቅቤ ለእርግብግቢቱ ነው። «ክፍት ነው እኮ፣ ብርድ ይገባዋል!» ክፍቱ አንጎል ሲያድግ ቦታ እንዲያገኝ የተተወ ነው፤ የፊተኛው በአብዛኛው የሚገጥመው ከዓመት በኋላ ነው። አፍንጫውም ሳብ ሳብ ይደረጋል። ሰልካካ አፍንጫ የእጅ ሥራ ነው፤ አባትና እናት ምን አገባቸው?

በዚህ መሀል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሚዛኗን ይዛ ትመጣለች። ድምፅዋ ቀስ ያለ ነው። «በጀርባው አስተኚው። ፊቱን አትሸፍኚው። ስድስት ወር እስኪሞላው ከጡት በቀር ውሃም እንዳትሰጪው።» ቤቱ ዝም ይላል። እትዬ ከላይ እስከ ታች ይለኳትና አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ። «አንቺ ለመሆኑ ወልደሻል?» ውይይቱ እዚህ ላይ ያበቃል።

የዘመኑ ጠያቂ ደግሞ በስልክ ይገባል። ከጅዳ ቪዲዮ ኮል ይደወላል። «ዐይኑን ግለጡልኝ!» ስልኩ ፊቱ ላይ ይደገናል፣ መብራቱ ቦግ ይላል። ገና የተወለደ ልጅ ደህና አድርጎ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ያለውን ነው፤ ሲጠባ የእናቱ ፊት ያለበት ቦታ ማለት ነው። አክስቱ ግን «አየኝ! አወቀኝ!» ብላ ታለቅሳለች። እንባዋ የእውነት ነው፤ እሷን ማሽሟጠጥ ይከብደኛል።

ሲመሽ ሁሉም ይበተናል። ልጁ ቀን የተነፈገውን እንቅልፍ በለቅሶ ያወራርዳል። ደግሞም ለቅሶ እስከ ስድስተኛው ሳምንት ገደማ እየባሰ ሄዶ ነው በሦስት በአራት ወር ረገብ የሚለው፤ ጠያቂ ባይመጣም ማለቴ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አራሷ አቅፋው ቤቱን ትዞራለች። ምክር የሚሰጥ አንድ ሰው የለም። በዚያ ሰዓት ምክር ሁሉ ለጥ ብሎ ተኝቷል።

እትዬን የማደንቅበት ዋናው ነገር ግን ገና አልተነገረም። አልፎ አልፎ በእርግጥ መቀስቀስ ያለበት ልጅ አለ። ለመጥባት እንኳ አልነቃ ያለ፣ ትኩሳት ያለው ወይም የቀዘቀዘ፣ ቢጫነቱ መዳፉና እግሩ ድረስ የወረደ ልጅ። ይህ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ መሮጥ ያለበት ነው። እናቱ ደንግጣ «እትዬ፣ አልነቃ አለኝ» ትላለች። እትዬ ያን ቀን፣ ያን ቀን ብቻ፣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

«ተይው ልጄ፣ ይተኛ። እንቅልፍ ለልጅ ጥሩ ነው።»

አንዳንድ አዲስ ወላዶች በሩን ገርበብ አድርገው «ተኝተናል፣ በኋላ ኑ» ማለት ጀምረዋል አሉ። ነውር ነው! በሯን የዘጋች አራስ ወሬዋ እስከ ክርስትናው ይዘልቃል። ወንድ ከወለደች 40 ቀን ነው፤ ይቻላል። ሴት ከወለደች ግን 80 ነውና ታስብበት።