በዓል አክባሪው በሬ

ቀንበር የለመደ በሬ ቅዱሳንን ለይቶ ያውቃል። በ1 ልደታ ናት፣ አይጠመድም። በ5 አቦ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ19 ገብርኤል። አንድ ቀን አረሰ ሲባል በ21 ማርያም ትመጣለች፣ በ23 ጊዮርጊስ ይከተላል፣ በማግሥቱ ተክለ ሃይማኖት፣ ከዚያ መድኃኔዓለም፣ ከዚያ በዓለ ወልድ። ቅዳሜና እሑድን ደርቡበት። መንዝ ውስጥ የአጎቴ በሬዎች የወሩን ግማሽ ያህል ተኝተው ያመሰኳሉ። እንዲህ ያለ ፈቃድ በየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚገኝ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፤ ማመልከቻ አስገባለሁ።

ጋሼ እንላቸዋለን አጎቴን። ጥቂት ጥማድ የገብስና የባቄላ መሬት፣ ጸጉራቸው የተንጨባረረ የመንዝ በጎች፣ አንዲት ላም፣ ከቤቱ ጀርባ ባሕር ዛፍ፣ ከጓሮ ጌሾ አላቸው። ሚስታቸው እታበባ ደግሞ ይህን ሁሉ አላት፤ ሲደመርም ጋሼን አላት።

የቅዳሜን ዕረፍት ነገር ካነሣችሁ ጋሼ አፄ ዘርዓ ያዕቆብን ይጠራሉ። ንጉሡ በፈረንጆቹ 1450 እዚያው ሸዋ ውስጥ፣ ተጉለት፣ ደብረ ምጥማቅ ላይ ጉባኤ ሰብስበው ቅዳሜም እንደ እሑድ እንዲከበር አስወሰኑ። የእመቤታችንን 33 በዓላት ያጸኑትም እርሳቸው ናቸው ይባላል። በጉባኤው ላይ ሁለት ጳጳሳት ነበሩ፤ አንዱ አባ ሚካኤል፣ ሌላው አባ ገብርኤል። 12ና 19 በስማቸው ወኪል ነበራቸው ማለት ነው። ጠላ ጠማቂ ተጠርታ ሐሳቧን ስለ መስጠቷ ግን የሰማሁት የለም።

በበዓል ቀን ለምን እንደማይታረስ ጋሼን መጠየቅ አያስፈልግም፤ መንደሩ በሙሉ ይመልሳል። አንዱ በገብርኤል ቢያርስ በረዶው የሚወርደው በሱ ማሳ ብቻ አይደለማ! ጎረቤትም አብሮ ይመታል። ስለዚህ ሁሉም የሁሉንም በሬ ይጠብቃል። ችግሩ ጭላዳ ዝንጀሮ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ገብሱ ሲደርስ በዓላቱ ይደራረባሉ፤ ኅዳር 12 ሚካኤል፣ ኅዳር 21 ጽዮን፣ ታኅሣሥ 19 ገብርኤል። ጭላዳ ከገደሉ ወጥቶ ማሳው ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ ዛላውን በሁለት እጁ እያሻሸ፣ ያለ አንዳች የኅሊና ወቀሳ ይበላል። ማጨድ ክልክል ነው፤ ጭላዳ ማባረር ግን ይፈቀዳል። ጋሼ በበዓል ቀን ይችን አንዲት ሥራ ይሠራሉ፤ ደጃፍ ላይ ቆመው በመጮኽ። ወደ ማሳው የምትሮጠው እታበባ ናት።

አንድ ነገር ላስረዳ። ማረስ ሥራ ነው። መቆፈር ሥራ ነው። ማጨድ፣ መውቃት፣ እንጨት መፍለጥ ሥራ ነው። ውኃ መቅዳት፣ እሳት ማንደድ፣ እንጀራ መጋገር፣ ወጥ መሥራት፣ ላም ማለብ፣ በረት መጥረግ፣ ልጅ ማጠብ ግን ሥራ አይደለም። ምን እንደሆነ ሊቃውንቱ ስም አላወጡለትም፤ ብቻ ሥራ አይደለም። እህል መፍጨት ደግሞ ሥራ ነው፤ የወፍጮ ቤቱም ሰውዬ በዓል ያከብራል። ስለዚህ እታበባ በዋዜማው እህሉን በጀርባዋ አዝላ ወፍጮ ቤት ትወርዳለች፣ ተራ ጠብቃ አስፈጭታ ስትመለስ ይመሻል፣ ሌሊቱን ታቦካለች። በበዓሉ ቀን እንዳትሠራ ብላ ነው።

ጽዋ የደረሰ ጊዜ ደግሞ አይጣል ነው። የጋሼ ማኅበር የሚካኤል ነው፤ ተራው በዓመት አንዴ ይደርሳቸዋል። በዓመት አንዴ ሲባል ቀላል ይመስላል። ገብሱ ተነክሮ ብቅል እስኪሆን፣ ጌሾው ደርቆ እስኪወቀጥ፣ ጋኑ በወይራ እስኪታጠን፣ ጥንስሱ እስኪጠነሰስ፣ እንኩሮው ታምሶ ድፍድፉ እስኪደፈደፍ ሳምንታት ያልፋሉ። በነዚህ ሳምንታት ጋሼ ወደ ጓዳው አንገታቸውን እያስገቡ «እንዴት ነው፣ በሰለ?» ይላሉ። የእርሳቸው ድርሻ ይኼ ነው፤ አደራውን በታማኝነት ይወጣሉ።

ቀኑ ሲደርስ ማኅበርተኞቹ ነጠላቸውን አጣፍተው በየመደቡ ይቀመጣሉ። ቄሱ ጸበሉን ይባርካሉ፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል። አንደኛው ሽማግሌ ጎንጨት ብለው ዋንጫውን ወደ ብርሃን ያነሡና፣

«ወንድሜ፣ የዘንድሮው ጠላህስ ጉድ ነው!» ይላሉ።

ጋሼም ዓይናቸውን ወደ መሬት ዝቅ አድርገው፣ ትሕትና በተሞላ ድምፅ፣

«ጌሾው የጓሮ ነው» ብለው ይመልሳሉ።

እታበባ በዚህ ጊዜ ማንቆርቆሪያውን ይዛ በጋሼ ጀርባ ቆማለች። ፊቷን አይቼዋለሁ። ሚካኤል ራሱ ሰይፉን ወደ ሰገባው የመለሰው እንዲህ ያለ ፊት አይቶ ይመስለኛል።

ጾሙን ደግሞ ከብቶቹ አልተቀበሉትም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ የነቢያት አለ፣ የሐዋርያት አለ፣ ፍልሰታ አለ፣ ረቡዕና ዓርብ አለ። ዶሮዎቹ ግን ፍስክ መሆኑን አይጠይቁም። አንድ ዓመት ላሚቱ በሁዳዴ መግቢያ ወለደች። ዓመቱን ሙሉ ነጥፋ የከረመች ላም ሽሮና ንፍሮ በሚበላበት ሰሞን ወተት ታጎርፍ ጀመር። ልጆቹ የሚጾሙት ዓይናቸው ወተቱ ላይ ሆኖ ነው። ውሻው አጥንት ካየ ቆይቷል፤ ሳይጠየቅ ጾመኛ ሆኗል። ድመቷ ብቻ በግላጭ ትገድፋለች፣ ጋሼም አንዳንዴ በቅናት ያዩዋታል።

ወተቱ ተንጦ ቅቤ ይሆናል፣ ቅቤው በቅል ይጠራቀማል። እንቁላሉ ግን አይቆይም። ነጋዴው ይመጣና «በጾም ማን ይበላዋል?» ብሎ በወደቀ ዋጋ ይሰበስበዋል። ለፋሲካ ዋጋው ሰማይ ሲነካ የእታበባ ዶሮዎች እንቁላል ጠባቂ ሆነው ቁጭ ብለዋል፤ ያንን ሰሞን መታቀፍ ያምራቸዋል። ነጋዴው ሃይማኖተኛ ሰው ነው፤ የጾሙን መግቢያና መውጫ እንደሱ የሚያውቅ የለም።

ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ እኛ እንመጣለን። እኛ ማለት የአዲስ አበባዎቹ። ከደብረ ብርሃን በኋላ አየሩ ሲቀዘቅዝ በመኪናው መስኮት ስልካችንን አውጥተን እየቀረጽን፣ «አየሩን አሽትቱት!» እየተባባልን እንደርሳለን። በኩበት ጭስ እንባችን እየፈሰሰ ኑሮ ማለት ይኼ ነው እንላለን። አንዷ የአክስቴ ልጅ ባዶ እንስራ አዝላ ፎቶ ተነሣች፤ ቲክቶክ ላይ ስታወጣው ከሥሩ «ሰላም ያለው ሕይወት» ብላ ጻፈችበት። ሙሉው እንስራ በዚያን ጊዜ በእታበባ ጀርባ ላይ ሆኖ ዳገቱን እየወጣ ነበር፤ ፎቶው ውስጥ እንዳይገባ ቆማ ጠበቀች። ስንመለስ ቅቤው በሙሉ ከኛ ጋር ይሄዳል። በፌስታል ላይ ፌስታል ተደርቦ። «ኦርጋኒክ ነው» እንላለን። እታበባ ኦርጋኒክ የሚባል ቅዱስ መቼ እንደሚከበር ጠይቃኝ ታውቃለች፤ እየቀለደች ይሁን የምሯን አልለየሁም።

ሕጉ ግን እታበባን አልረሳትም። በክልሉ የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም እኩል ይጻፋል፣ የሁለቱም ፎቶ ይለጠፋል። ጋሼ ደብተሩን ከሣጥን አውጥተው አሳይተውኛል። ጎን ለጎን ናቸው። ያቺን ሴት እጇን አጣጥፋ፣ ሥራ ፈትታ ያየኋት በዚያ ፎቶ ላይ ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ የግብርና ባለሙያ መጣ። ገበሬ የሚገኘው በበዓል መሆኑን የሚያውቅ ልጅ ስለሆነ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ከዛፉ ሥር ሕዝቡን ሰበሰበ። ወንዶቹ ከፊት በድንጋይ ላይ፣ ሴቶቹ ከኋላ በሣር ላይ። ልጁ በጨዋ አንደበት ስለ ሥራ ቀን ማነስ አነሣ። ሁለት ሦስቱን በዓል ለስግደት ብቻ አድርጎ ከቅዳሴ መልስ ቢሠራስ አለ። ጉርምርምታ ሆነ። ጋሼ ተነሡ፤ ከልደታ ጀምረው እስከ በዓለ ወልድ አንድ በአንድ ቆጠሩለትና «የቱን ታስቀርብናለህ? ንገረና፣ የቱን?» ብለው ዱላቸውን ተደገፉ። ተጨበጨበ።

ከኋላ እታበባ እጇን አወጣች።

«አባ፣ እኔ እንኳ የሚቀር አልፈልግም» አለች ወደ ቄሱ ዞራ፤ «አንድ ይጨመርልን ነው የምለው። እንጀራ መጋገር የሚከለክለው ታቦት የትኛው ነው? እሱን አሳዩኝና ስለት ልግባ።»

ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ቄሱ ሳል ያዛቸው፣ ቆየባቸውም። ባለሙያው መዝገቡን ገለጠና ስብሰባው ወደ ማዳበሪያ ዕዳ ዞረ።

ጋሼ መንገዱን በሙሉ ሲቆጡ መጡ። በሰው ፊት አዋረድሽኝ፣ ታቦት ላይ ቀለድሽ፣ ከእንግዲህ ስብሰባ አትሄጂም አሉ። ከዚህም በላይ ብዙ ይናገሩ ነበር፤ ቤት ሲደርሱ ግን ራባቸው።