ጣናን ተዉት፣ ቧንቧው ነው!

ባህር ዳር ውስጥ ግድግዳ ከረጠበ ጥፋተኛው ሁሌም ጣና ነው። ቀለም ከተላጠ ጣና። ምንጣፍ ከሸተተ ጣና። ቁም ሳጥን ውስጥ የሰቀላችሁት ኮት ከሻገተ፣ እሱም ጣና። ኧረ ሐይቁን ተዉት እባካችሁ፣ በእምቦጩ የራሱ መከራ ይበቃዋል!

እንዲህ ያንጨረጨረኝ የግቢያችን ጉዳይ ነው። የመኝታ ክፍሌ ግድግዳ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ቀለሙ ማበጥ ጀመረ። በጣቴ ጫን ሳደርገው ልስኑ እንደ በሶ ዱቄት ይረግፋል። ለአከራያችን ነገርኳቸው። ጋሼ መጡ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አዩት፣ ከዚያ «ልጄ፣ ባህር ዳር እኮ ነው፣ ይረጥባል» ብለውኝ ሄዱ። በመጋቢት! ዝናብ ጠብ ባላለበት፣ ዋልካው ተሰነጣጥቆ ጣት በሚያስገባበት በመጋቢት!

እሺ፣ የአየሩ እርጥበት ነው እንበል። ታዲያ ለምን አንዱ ግድግዳ ብቻ? ያውም የሻወሩ ቧንቧ የሚያልፍበት? የአየር እርጥበት ክፍሉን በሙሉ ነው የሚይዘው፣ መስኮት ከፈት ሲደረግ ደግሞ ይቀንሳል። የክረምት ውሃ ከመሬት ወደ ላይ ሲስብም ክረምት ካለፈ ቀስ እያለ ይደርቃል። በበጋ አንድ ቦታ ጀምሮ በየሳምንቱ እየሰፋ የሚሄድ፣ ፀሐይ ሲመታው ቢውል የማይደርቅ እርጥበት ግን ከጀርባው ቧንቧ አለ ብላችሁ ጠርጥሩ።

ሰርዶው ደግሞ አለላችሁ። ግቢው በሙሉ ቢጫ ሆኖ፣ ከበሩ እስከ ቤቱ አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ለምለም ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር «እንዴት ያምራል፣ ታጠጡታላችሁ?» ይባላል። ማን ያጠጣዋል! ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ሳር የሚያጠጣ ማን ነው? መስመሩ ቧንቧው የተቀበረበት ነው፣ ሲረግጡት ሰርጎድ ይላል፣ ይህንን ለማየት ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም።

የኛ ችግር ሥሩ ግን ሌላ ነው። ቆጣሪው አንድ ነው፣ ተከራዩ ብዙ ነው፣ የውሃ ቢሉ በሰው ይካፈላል። ቢሉ ሲጨምር ማንም ስለ ቧንቧው አያነሳም፣ እርስ በርስ መጠርጠር ይጀመራል። «እነ እንትና በየቀኑ ያጥባሉ።» «የሕፃኗ እናት ናት።» ምስኪኗ ሴትዮ የልጇን ጨርቅ በድብቅ ማጠብ ጀመረች እኮ! ከቆጣሪው ወዲህ ያለው መስመር ሲበላሽ ማሠራት የባለቤቱ ድርሻ ነው፣ የፈሰሰውን ውሃ የምንከፍለው ግን እኛ ነን። ጋሼ ለምን ይቸኩላሉ? ከእሳቸው ኪስ የሚወጣ ነገር የለም። በዚያ ላይ ፍጆታ ሲጨምር የኪዩቡ ዋጋም አብሮ ይጨምራል፣ ስለዚህ የሚያፈስ መስመር ያለው ግቢ በሁለት በኩል ነው የሚከፍለው።

ጠብታ ምን ታመጣለች የሚሉኝም አሉ። በሰከንድ አንዴ ጠብ የምትል ውሃ በዓመት 10 ሺህ ሊትር ገደማ ትሆናለች። ይህ የጠብታዋ ነው፣ መሬት ውስጥ እየተንፎለፎለ ያለው ሲጨመር እናንተው አስቡት።

ማጣራት ደግሞ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። ቆጣሪው መስታወት ስር፣ ከቁጥሮቹ አጠገብ፣ ኮከብ የምትመስል ትንሽ መሽከርከሪያ አለች። ሮቶው እስኪሞላ ጠብቁ፣ ካልሞላ ቆጣሪው መዞሩ አይቀርም። ከዚያ የቤቱን ቧንቧ ሁሉ ዝጉና ኮከቧን እዩዋት። ከዞረች ውሃው የሆነ ቦታ እየሄደ ነው። ወደ ቤት የሚገባውን ዋናውን መዝጊያ ስትዘጉት ከቆመች ችግሩ ቤት ውስጥ ነው፣ አሁንም ከዞረች በቆጣሪውና በቤቱ መሃል ነው። ውሃ ጠፍቶ በመጣበት ቅጽበት ግን አትሞክሩት፣ ቧንቧ ውስጥ የተጠራቀመው አየርም ቆጣሪውን ያዞረዋልና ያሳስታችኋል። ይህንን ለጋሼ ባስረዳቸው ምን አሉኝ? «ቆጣሪ መነካካት ያስቀጣል።» ማየት ነው ጋሼ፣ ማየት!

ሽንት ቤቱንም አትርሱት፣ ድምፅ ሳያሰማ ሌሊቱን ሙሉ የሚያፈስ አለ። ከቡና የተረፈውን ከመቀመጫው ጀርባ ያለው የውሃ ማጠራቀሚያ ጋን ውስጥ ጨምሩና ግማሽ ሰዓት ያህል ሳትለቁት ቆዩ። መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ቡናማ ከሆነ የጋኑ ጎማ አልቋል። በረካ ከሆነ ላይታያችሁ ይችላል፣ ከአቦሉ ትንሽ ሠውታችሁ ሞክሩ።

ገንዘቡን ብቻ ቢሆን እንደምንም እችለው ነበር። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ የተሰነጠቀ ቧንቧ ማለት ሌላ ጣጣ ነው። ውሃ ሲኖር በስንጥቁ ወደ ውጭ ይወጣል። ውሃ ሲጠፋ ግን ግፊቱ ይወርድና በዚያው ስንጥቅ በዙሪያው ያለው ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይገባል። የኛ ቧንቧ ደግሞ በየት ነው የሚያልፈው? በሽንት ቤቱ ጉድጓድ ጥግ! ውሃ ጠፍቶ ሲመጣ መጀመሪያ ላይ መደፍረሱ በየሰፈሩ ያለ ነው። ጎረቤት ግቢ ጠርቶላቸው እናንተ ጋ አሁንም ከደፈረሰ ወይም ከሸተተ ግን አፍልታችሁ ጠጡ፣ መስመሩንም አስመርምሩ። በእንደዚህ ዓይነት ውሃ ነው እንግዲህ የዚያች ሕፃን ጡጦ የሚታጠበው።

ይሄን ሁሉ ተናግሬ ባለፈው ሰሞን ጋሼ ሰው ላኩ። ደስ አለኝ፣ መፍቻና መጋዝ ይዞ የመጣ መስሎኝ ነበር። ቀለም ቀቢ! ሰውየው ያበጠውን ፋቅ ፋቅ አደረገ፣ ጀሶ ለቀለቀ፣ በላዩ ላይ ክሬም ቀለም ቀባና «አሁን አንደኛ ሆነ» ብሎ ሄደ። ቀለሙ ሽታው ሳይለቅ መልሶ አበጠ። ጋሼ እንደገና አዩት። ዘንድሮ ጣና ሞልቷል አሉ።

ኮከቧ ሁሉም ተዘግቶ ስትዞር በስልኬ ቀርጫታለሁ፣ ተከራዮቹም አይተዋል። ቧንቧው እስኪሠራ የውሃውን ጭማሪ ከኪራዩ ላይ ቀንሰን እንክፈል ተባብለናል፣ የሕፃኗ እናት ናት ሐሳቡን ያመጣችው። እስከዚያው ሹም አቦ አካባቢ ቤቱን ሁሉ ሳይፈነቅል የሚያፈስበትን ቦታ ለይቶ የሚሠራ የቧንቧ ባለሙያ የምታውቁ ጠቁሙኝ። ቀለም ቀቢ አልፈልግም።