ማስተካከያ፦ የጋማ ጨረር ፍንዳታው የተከሰተው ከጋላክሲያችን ውጭ ነው

ሰሞኑን በጅማ ተማሪዎችና መምህራን የቴሌግራም ገጾች በስፋት የተዘዋወረ ጽሑፍ፣ መስከረም 29 ቀን 2015 ዓ.ም. የታየው ኃይለኛ የጋማ ጨረር ፍንዳታ (ጂአርቢ 221009ኤ) በራሳችን ጋላክሲ ውስጥ፣ በ24 ሺህ የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ እንደተከሰተ ይገልጻል። ይህ ትክክል አይደለም። ርቀቱ 2.4 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ነው።

ስህተቱ መነሻ አለው። ስዊፍት የተባለችው ሳተላይት ብርሃኑን ያየችው በጋላክሲያችን በፍኖተ ሐሊብ ወገብ አቅጣጫ ስለነበር፣ የመጀመሪያው ፈጣን ማስታወቂያ ምንጩን ከጋላክሲያችን ቆጠረው። ፌርሚ ሳተላይት ግን ከአንድ ሰዓት ገደማ በፊት ከዚያው አቅጣጫ የጋማ ጨረር መዝግባ ነበር። ሁለቱ ሲገናዘቡ ስዊፍት ያየችው የፍንዳታውን ትራፊ ብርሃን፣ ማለትም ከፍንዳታው በኋላ እየደበዘዘ የሚቆየውን ብርሃን፣ እንደሆነ ታወቀ። ቁርጡን የለየው በቺሊ ያለው ግዙፍ ቴሌስኮፕ ነው። ትራፊውን ብርሃን በየቀለሙ ዘርዝሮ፣ በመንገዱ ያገኘው ጋዝ የተወበትን ጥቋቁር መስመሮች ሲለካ፣ የሞገድ ርዝመታቸው በ15 በመቶ ገደማ ወደ ቀይ ተስቦ ተገኘ። ብርሃን እንዲህ የሚሳበው በሚሰፋው ጽንፈ ዓለም ውስጥ እጅግ ረጅም ርቀት ሲጓዝ ነው፤ በጋላክሲያችን ውስጥ ያለ ኮከብ ብርሃን ይህን ያህል አይሳብም። ልኬቱ በተመራማሪዎች የክትትል ማስታወቂያዎች፣ በኋላም በባለሙያ በተገመገሙ የሳይንስ መጽሔቶች ታትሟል።

ልዩነቱ እንደዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ርቀቱ 100 ሺህ እጥፍ ሲያድግ፣ ከደረሰን ብርሃን ተነስተን የምናሰላው ኃይል፣ ከርቀቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ ወደ 10 ቢሊዮን እጥፍ ያድጋል። በጽሑፉ ቁጥር ለሳይንስ ክበብ ስሌት የሠራችሁ ሁሉ የኃይሉን መጠንም እንድታርሙ እንጠይቃለን። ፍንዳታው የምድርን የላይኛውን ከባቢ አየር እንደረበሸ በዚያው ጽሑፍ የተገለጸው ግን ትክክል ነው።