ሦስት ጠርሙስ ቫይታሚንና አንድ ያልተያዘ ቀጠሮ

ባለፈው ሳምንት አንድ የቅርብ ጓደኛዬ ቤት ሄጄ ነበር። ልጅ እምቢ ብሏቸው የቫሪኮሴል፣ ማለትም በዘር ፍሬ ላይ ያበጡ የደም ሥሮች፣ ኦፕራሲዮን ያደረገው ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው፤ አሁን ሁለት ወር አልፎታል። ባለቤቱ ቡና እያፈላች እሱ ከጓዳ አንድ ፌስታል ይዞ መጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። ሦስት ትልልቅ የቫይታሚን ጠርሙሶች። አንዱን ከፋርማሲ ገዝቶታል፣ ሁለቱን የአጎቱ ልጅ ከአሜሪካ በሰው ልካለታለች። «ነገሩ ቶሎ እንዲስተካከል ነው» አለኝ።

ጠርሙሶቹን ጎን ለጎን አቁሜ በስልኬ መብራት የጀርባቸውን ጽሑፍ አነበብኩ። ዚንክ በአንዱ 30 ሚሊግራም፣ በሌላው 25፣ በሦስተኛው 15። ሲደመር 70። አሜሪካኖቹ ራሳቸው ለአዋቂ ሰው በቀን ከዚህ አይለፍ ብለው ያስቀመጡት 40 ነው። ከዚያ በላይ ለወራት ከተወሰደ ሰውነት የሚያስፈልገውን መዳብ እንዳያገኝ ያደርጋል፣ የደም ማነስም ሊያመጣ ይችላል። ሦስቱ ጠርሙሶች ስማቸው ሌላ፣ ቀለማቸው ሌላ፣ ውስጣቸው ግን ያው ነው።

ከዚያ ጠየቅኩት። «የዘር ምርመራውን መቼ ነው የምትደግመው?» ባለቤቱን አየ። እሷም እሱን አየች። ቀጠሮ አልያዙም።

ይህን የምጽፈው በዚህ ምክንያት ነው። ጓደኛዬ ብቻውን አይደለም፤ ኦፕራሲዮኑን በድፍረት አድርጎ ዋናውን ነገር ረስቶ ጠርሙስ የሚቆጥር ወንድ ብዙ ነው።

ቫሪኮሴል ማለት ከዘር ፍሬ ደም የሚመልሱት ሥሮች ተለጥጠው ደም ሲቋጥሩ ነው። እግር ላይ አብጠው እንደሚታዩት ሥሮች ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ በግራ በኩል ይወጣል። ከመቶ ወንዶች 15 ያህሉ አለባቸው፤ ብዙዎቹ ሳያውቁት ወልደው ከብደው ይኖራሉ። ልጅ እምቢ ብሏቸው ሐኪም ዘንድ ከሚሄዱት ወንዶች መካከል ግን ከሦስቱ አንዱ ላይ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይገኛል። የዘር ፍሬ ከቀሪው ሰውነት ቀዝቀዝ ማለት አለበት፤ የቆመው ደም ያሞቀዋል፣ ሙቀቱም ዘሩን ይጎዳል። ኦፕራሲዮኑ እነዚያን ሥሮች ያስራል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ነገር ነው ሰው የማይነግራችሁ። አንድ የወንድ ዘር ተፈጥሮ ለመጨረስ ከ70 ቀን በላይ ይፈጅበታል፣ ከዚያም በቱቦው ውስጥ ተጉዞ መብሰል አለበት። ስለዚህ ከኦፕራሲዮኑ በወሩ የሚታየው ዘር መሠራት የጀመረው ሥሮቹ ከመታሰራቸው በፊት ነው። አዲሱ ዘር የሚታየው ከሦስት ወር በኋላ ነው፣ አንዳንዱ ላይ ስድስት ወርም ይፈጃል። ሐኪሞች በሦስተኛው ወር ተመርመሩ የሚሉት ለዚህ ነው።

አሁን አስቡት። አንድ ሰው ኦፕራሲዮን ባደረገ ማግስት ቫይታሚን ይጀምራል። በሦስት ወሩ የዘሩ ቁጥር ይሻሻላል። ከአስር ስድስት ሰባቱ ላይ ደግሞ እንዲያውም ከኦፕራሲዮኑ ብቻ ይሻሻላል። ምስጋናውን ግን ማን ይወስዳል? ጠርሙሱ። ለሥራ ባልደረባው ይነግራል፣ ባልደረባው ለወንድሙ ይነግራል፣ ወሬው በቴሌግራም ይዞራል። ካልተሻሻለስ? ሐኪሙ ዘንድ መመለስ ሲገባው «ይኼኛው ጠንከር ያለ ነው» ተብሎ ሌላ ጠርሙስ ይገዛል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ ጊዜውም እንዲሁ ይሄዳል።

ቫይታሚኑ ከንቱ ነው እያልኩ ግን አይደለም። ሐሳቡ መነሻ አለው። ሙቀቱና የቆመው ደም የዘሩን ሽፋንና በውስጡ ያለውን ዲኤንኤ የሚያቆስሉ ነገሮችን ያበዛሉ፣ ቫይታሚን ሲና ኢ፣ ሴሌኒየምና ዚንክ ደግሞ ያንን ይከላከላሉ ተብሎ ይታሰባል። ከኦፕራሲዮን በኋላ በተሠሩ ትንንሽ ጥናቶችም የዘሩ ቁጥርና እንቅስቃሴ የተሻሻለላቸው አሉ። ሰው ግን የሚፈልገው በወረቀት ላይ ያለ ቁጥር አይደለም። ልጅ ነው። እዚያ ላይ ሲደረስ ማስረጃው ይሳሳል።

ትልቁን ጥናት ልንገራችሁ። በ2020 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ታትሞ የወጣ ነው፤ የመካንነት ሕክምና ሊጀምሩ የነበሩ 2,370 ጥንዶች ተሳትፈውበታል። ግማሾቹ ወንዶች ለስድስት ወር በየቀኑ 30 ሚሊግራም ዚንክና 5 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ ወሰዱ፣ ግማሾቹ ምንም የሌለበት ተመሳሳይ ኪኒን። ቫይታሚን ከወሰዱት 34 በመቶው ልጅ አገኙ። ካልወሰዱት 35 በመቶው። ቫይታሚኑን የወሰዱት እንዲያውም የሆድ ሕመም በዛባቸው፣ የዘራቸው ዲኤንኤም ትንሽ ይበልጥ ተሰባብሮ ተገኘ። እርግጥ እነዚህ ሁሉ ቫሪኮሴል የነበረባቸው አይደሉም። ግን «ቢያንስ አይጎዳም» የሚለው ወሬ ሲነገር ይህ ትዝ ይበላችሁ። ቫይታሚን ኢም እንደዚያው ነው፤ ከ35 ሺህ በላይ በዕድሜ ገፋ ያሉ ወንዶች በተሳተፉበት ሌላ ጥናት በቀን 400 ዩኒት ለዓመታት ሲወስዱ የነበሩት ላይ የፕሮስቴት ካንሰር በ17 በመቶ ከፍ ብሎ ታይቷል።

«ከአሜሪካ የመጣ ነው» የሚለውም ሰውን ያታልላል። እዚያ አገር ሰፕልመንት (እንደ እነዚህ ቫይታሚኖች ያለው) እንደ መድኃኒት መሥራቱ ተረጋግጦ አይደለም ገበያ የሚወጣው። ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕጉ ይህን አይጠይቅም። የአጎቱ ልጅ በፍቅር ነው የላከችው፣ እሷን አልወቅስም።

አንድ ነገር ግን በጣም ያስፈራኛል። ጂም ቤት አካባቢ «ወንድነት ይጨምራል» ተብሎ የሚሸጥ ቴስቶስትሮን። ወንድነት ሲባል ልጅም የሚያስወልድ ይመስላል፤ ተቃራኒው ነው። ከውጭ ቴስቶስትሮን ሲገባ አንጎል «በቂ አለ» ብሎ ለዘር ፍሬው የሚልከውን ትእዛዝ ያቆማል፣ ዘር መሥራትም ይቀንሳል፣ አንዳንዱ ላይ ጭራሽ ይጠፋል። ኦፕራሲዮን አድርጎ ይህን መርፌ የሚወጋ ሰው በአንድ እጁ የሠራውን በሌላው እያፈረሰ ነው።

የሚያስቆጨኝ ደግሞ የሚስቶቹ ነገር ነው። እኛ አገር ልጅ ሲዘገይ ጣት የሚቀሰረው እሷ ላይ ነው፣ ምርመራ የምትሮጠውም እሷ ናት፣ ጠበልም እሷ። ችግሩ ግን በግማሽ ያህሉ ጥንዶች ከወንዱም ጭምር ነው። ባል በጠርሙስ አንድ ዓመት ሲያባክን የሷ ዕድሜ ቆሞ አይጠብቅም። ከ35 በኋላ እያንዳንዱ ወር ለሷ ዋጋ አለው። የባል ቁጥር ካልተሻሻለ ሌላ መንገድ አለ፤ አዲስ አበባ ላይ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እንኳን ከማኅፀን ውጪ ጽንስ የማስጀመር ሕክምና የሚሰጥ የመንግሥት ማዕከል አለው። እዚያ ለመድረስ ግን በጊዜ ማወቅ ያስፈልጋል።

የቫይታሚን እጥረት ያለበት ሰው ይመርመርና ሐኪም ያዘዘለትን ይውሰድ። ሲጋራ የሚያጨስ ያቁም፤ ከሳውናና ከስቲም ለጥቂት ወራት ይራቅ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

ያን ቀን ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ ባለቤቱ ስልኳን አንስታ ደወለች። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ቀጠሮ ተያዘ፣ ለሁለቱም። ጓደኛዬ ሁለቱን ጠርሙሶች ትቶ ሦስተኛውን ሐኪሙን እስኪጠይቅ ድረስ አቆይቶታል። ሦስቱንም በፌስታሉ ይዞ እንዲሄድ ነግሬዋለሁ፤ ሐኪሙ ጀርባቸውን ያንብብለት።