የማን ራስ ነው?

«እኔ ራሱ አልበላሁም» አለች አንዷ። «እኔ ራሱ!» አለች ሌላዋ። ጎንደር ከፒያሳ ወደ አዘዞ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነን። እነሱ ከኋላ፣ እኔ ከፊት። «እናቴ ራሱ ተቆጥታለች።» «ስልኬ ራሱ ተዘግቷል።» «እሷ ራሱ አልመጣችም።» አዘዞ እስክንደርስ ድረስ እንዲሁ ነው።

ይህ «ራሱ» የሚባለው ሰውዬ ማን ነው?

እኛ ያደግነው እኔ ራሴ፣ አንቺ ራስሽ፣ እናቴ ራሷ እያልን ነው። ሁሉም የገዛ ራሱን በገዛ አንገቱ ተሸክሞ ይውል ነበር። አሁን ግን አንድ ስሙ ያልታወቀ ወንድ ራሱን ለአገር ምድሩ እያከራየ ነው። ልጅቷ አንገት ላይ የእሱ ራስ። እናትየዋ አንገት ላይ የእሱ ራስ። ስልኩ እንኳ አልተረፈም። ቋንቋ ያድጋል ይሉኛል። ይደግ! ራሱን ይዞ ይደግ ነው የምለው።

ደግሞ ራስ ሥራ መች አነሰው? ራሱን ሳተ ሲባል ሰውዬው ወድቋል። ራሱን ቻለ ሲባል ቆሟል። ራሱን ጣለ ሲባል መታጠብ ትቷል። ራሱን ተላጨ ሲባል ደግሞ የተላጨው ፀጉሩ ነው። አልጋ እንኳ ራስጌ አለው። ይህ ሁሉ ሸክም ሳያንሰው፣ አሁን በየዓረፍተ ነገሩ መሐል «እንኳ»ንና «ም»ን ተክቶ ይሠራል። ያለ ደሞዝ።

ረዳት አጥቶም አይደለም። አናት አለ፣ ጭንቅላት አለ፣ ናላ አለ። እነሱ ግን ብልጥ ናቸው፣ ሥራቸውን ለይተው ይዘዋል። ናላ ይዞራል፣ በቃ፤ ሌላ ሥራ ስጡት ቢባል እሺ አይልም። አናት ሰው የሚወጣበት ነው። የተሞላቀቀ ልጅ አናት ላይ ይወጣል እንጂ ራስ ላይ ወጣ ሲባል አልሰማሁም። ጭንቅላት ትምህርት ቤት ይላካል። ጎበዝ ተማሪ «ጭንቅላት አለው» ይባላል። «ራስ አለው» ብንል ምን ጎድሎት ኖሯል ብለው ይጠይቁናል። ሹመት ሲመጣ ግን ሁሉም ተትተው ራስ ተጠራ። ሿሚዎቹ ልክ ነበሩ። «አናት ሚካኤል ስሑል መጣ!» ቢባል ማን ይሸሻል?

ራስ ሚካኤልን ካነሳሁ አይቀር፣ ኖሩበት የሚባለው ራስ ግንብ ዛሬም እዚሁ ከተማችን ውስጥ አለ። እሳቸው በ1761 ዓ.ም አፄ ኢዮአስን ካስገደሉ በኋላ ነው ዘመነ መሳፍንት የምንለው የጀመረው። ከዚያ ወዲያ ንጉሥ ማለት ዘውድ የሚሰቀልበት ግንድ ሆነ። ራሶቹ ያነግሣሉ፣ ራሶቹ ያወርዳሉ። አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ስድስት ጊዜ ዙፋን ላይ ወጥተው ስድስት ጊዜ ወርደዋል። ሰውም ፍጻሜ መንግሥት አላቸው። በኋላ በየጁዎቹ ራሶች ጊዜ ነገሩ ጨርሶ ለየለት። ንጉሡ ጎንደር ግንብ ውስጥ፣ ራሱ ደብረ ታቦር። አገሪቱ ሌላውን አካሏን እዚህ ትታ ራሷን እዚያ ወሰደች ማለት ነው። ያኔ «ንጉሡ ራሱ» ቢባል ትርጉም ነበረው። ንጉሡ ሌላ ነው፣ ራሱ ሌላ። አፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም ነግሠው ራስና አካልን እስኪያገናኙ ድረስ እንዲህ ኖርን። ዛሬ ፒያሳ ሐውልታቸው ሥር የተቃጠሩ ልጆች ምን ይላሉ? «እኔ ራሱ ደርሻለሁ።»

ከተረቶቻችን ሁሉ የምወደው «ከራስ በላይ ነፋስ»ን ነው። አራት ቃል አይሞላም፣ የማይገባበት ቤት ግን የለም። የሚጠቀሙበት ሰዎች ግን ያበሽቁኛል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የምኖር ሰው ነኝ። ጎረቤቴ ሮቶውን እስከ አፉ ሞልቶ፣ የተረፈውን ውሃ ግቢው ውስጥ ለጽጌረዳ ያጠጣል። አንድ ጀሪካን ብለምነው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ምን ታደርገዋለህ፣ ከራስ በላይ ነፋስ!» እየሳቀ! ያን ቀን እኔም ለመሳቅ ሞክሬ ነበር፤ እስከ ዛሬ ግን ሰላምታ የምሰጠው ለጽጌረዳዎቹ ነው። በእኔ አተረጓጎም ተረቱ የስስታም መመሪያ አይደለም። ከራስህ በላይ ያለው ነፋስ ብቻ ነውና ምን ያሳብጥሃል ነው የሚለው። የማያምን ወደ ስሜን ይሂድ። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፣ በአገሩ የሚበልጠው ተራራ የለም። ከዚያ ራስ በላይ ያለው እውነትም ነፋስ ነው። ያውም ቆብ የሚወስድ። እኔን መሰል ራሰ በራ ሰው ያን ብርድ ሲቀምስ፣ ሮቶው ቢሞላም ባይሞላም አይኮራም።

ስለ ራሴ ካወራን ዘንድ፣ ራሴ ላይ ያረፈ አንድ ኩርኩም አለ። ልጅ ሆኜ «ራሥ» ብዬ ጻፍኩ፣ በንጉሡ ሠ። ሹመት አይደል? ለሹም የንጉሥ ፊደል ይገባዋል ብዬ ነበር። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ደብተሬን አዩና ጣታቸውን አጥፈው መሐል አናቴን መቱኝ። ኩርኩም የቀመሰ ያውቀዋል፤ ድምፁ ከውስጥ ነው የሚሰማው። እንባዬን ስጠርግ ከቢሯቸው በር ላይ የተጻፈውን አነበብኩ። «ርዕሰ መምህር» ይላል። በዓይኑ ዕ!

የግዕዙ «ርእስ» በአልፋው እ ነው። ራስም የወጣው ከእሱ ነው። ይህን የነገሩኝ ኋላ አንድ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ነው የሚያንገበግበኝ። ጎንደር ውስጥ፣ የቅኔና የአንድምታ ሊቃውንት በሚርመሰመሱበት ከተማ፣ አንድ ሰው የገዛ ማዕረጉን ራስ አሳስቶ ጽፎ በሩ ላይ ይለጥፋል፤ ከዚያ የሰው ልጅ ይኮረኩማል! እሳቸውን ማን ኮረኮማቸው? ማንም። አሁንማ ጋዜጣው ሁሉ «ርዕሰ አንቀጽ» ነው የሚለው። «ዓይን ያለ ራስ የት ይኖራል?» ብለው ቢከራከሩኝ እንኳ ደስ ብሎኝ እረታ ነበር። የሚከራከርም የለም። ዝም ብለው ይጽፋሉ።

የታክሲውን ልጆች ረሳኋቸው። ለማንኛውም፣ እነሱን ባልደፍር የእህቴን ልጅ ቤት ውስጥ አስቀምጬ ሁሉንም አስረዳኋት። እኔ ራሴ፣ አንቺ ራስሽ፣ እሷ ራሷ። ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ድረስ በትዕግሥት ሰማችኝ።

«ግን እኮ ጋሼ» አለችኝ፣ «አስተማሪያችንም እንደዛ ነው የሚያወራው።»

«የቱ አስተማሪ?»

«የአማርኛው ራሱ።»

አስተማሪው ወንድ ነው። ማረም አልቻልኩም።